ተራ የሌለው ጨዋታ

ለመሆኑ ጨዋታን ማን ይሠራዋል? መጽሐፍ ደራሲ አለው፤ ስሙም ሽፋኑ ላይ ይሰፍራል። ዘፈን ገጣሚና የዜማ ደራሲ አለው፤ ስማቸው የሚዘለልበት ጊዜ ቢበዛም ራሳቸው ተሟግተው ያስታውሱናል። ሰኞ ማክሰኞን ማን ደረሰው? ሌባና ፖሊስን ማን አቀነባበረው? ብይን ለመጀመሪያ ጊዜ በጉድጓድ ዙሪያ ያንከባለለው ማነው? ጠያቂም የለ፣ መላሽም የለ። ጨዋታ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ፣ እንደ ሣር ከመሬት የበቀለ ይመስለናል።

ጨዋታ ግን አይበቅልም፤ ይሠራል። የሚሠራውም በንትርክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ብይ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ክርክር አንዳንዴ ከጨዋታው ራሱ ይረዝማል። እጅ ከመሬት ይነሳል ወይስ አይነሳም? ብዩ ድንጋይ ገጭቶ ቢመለስ ይቆጠራል? በእግር የነካ ተራው ያልፋል ወይስ ይደግማል? ከላይኛው ሰፈር የመጣ ልጅ «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ይላል፤ የታችኛው ሰፈር ልጅ «እዚህ ግን እንዲህ ነው» ይለዋል። ከዚያ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይለቁና ከሁለቱም ሰፈር ያልሆነ ሦስተኛ ጨዋታ ይወለዳል። ኮንከር የሚባለው የካርታ ጨዋታ፣ ዳማውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ጎልማሶች በቆርኪ ዳማ ሲገጥሙ እንኳ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ሕጉ ነው።

ይህን መግቢያ ያመጣሁት ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የኮምፒውተርና የስልክ ጌም የሚሠሩ ሰዎች በሚሰባሰቡበት መድረክ ሁሉ ከሚዘወተሩት ሥራዎች አንዱ ይኸው የብይ ንትርክ ስለሆነ ነው። ስሙ ብቻ ተቀይሮ «የቡድን የጨዋታ ንድፍ ልምምድ» ተብሏል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተሰብሳቢው አራት አራት፣ አምስት አምስት ሆኖ ይከፈላል። ኮምፒውተር ይዘጋል። በየጠረጴዛው ወረቀት፣ መቀስ፣ እርሳስ፣ የዳይስ ጠጠር፣ ጥቂት ባቄላ ወይም ቁልፍ ይቀመጣል። አሠልጣኙ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ጨዋታ ይሰጥና «አንድ ሕግ ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ ተጫወቱትና ምን እንደተከሰተ ንገሩኝ» ይላል። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይሰጣል። ፕሮግራም የሚጽፈው፣ ሥዕል የሚሥለው፣ ሙዚቃ የሚያቀናብረውና ምንም የማይችለው (እንደዚህ ጸሐፊ ያለው) እኩል ይሆናሉ፤ ለባቄላ ዲፕሎማ አይጠየቅምና።

የእነዚህ መድረኮች አጀማመር ራሱ የሰፈር ጨዋታ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ክሪስ ክሮፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የጌም ደራሲ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ፣ ሃያ ሰባት ያህል የሙያ ጓደኞቹን ቤቱ ጠርቶ ሳሎኑ ውስጥ አወያያቸው። ያ የሳሎን ወግ አድጎ ዛሬ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰው የሚጎርፍበት የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ሆኗል። በጉባኤው ላይ የንድፍ ልምምድ ሲሰጡ የኖሩ ሦስት ባለሙያዎች፣ ሮቢን ሁኒክ፣ ማርክ ሌብላንክና ሮበርት ዙቤክ፣ ልምዳቸውን በ2004 በአጭር ጽሑፍ አውጥተውታል። ሐሳባቸውን በእኛ አነጋገር ብናስቀምጠው እንዲህ ነው፤ ጨዋታ ሠሪ በእጁ ያለው ሕግ ብቻ ነው። ከሕጉ የተጫዋቾች አኳኋን ይመጣል፤ ከአኳኋኑም ስሜት፣ ማለትም ፍርሃቱ፣ ሳቁ፣ እልሁ ይወለዳል። ተጫዋቹ ግን ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ነው የሚያገኘው፤ መጀመሪያ ስሜቱን ይቀምሳል፣ ሕጉን ኋላ ያስተውላል። ስለዚህ አንዲት ሕግ ብትነካ የት የት ድረስ እንደምትነዝር ለማወቅ ተቀምጦ ከመጫወት በቀር መንገድ የለም።

በ2009 ደግሞ ነገሩ ዓለም አቀፍ ሆነ። «ግሎባል ጌም ጃም» በሚል ስም በ23 አገሮች፣ በ53 ቦታዎች የተሰባሰቡ ሰዎች በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በቡድን በቡድን ሆነው ጨዋታ ሠርተው አስረከቡ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ ነበሩ። እንቅልፍ ስላጡት ወጣቶችና ስለጠጡት ቡና ማውራት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ጉዳዬ ወዲህ ነው። ይህ ልምምድ ለእኛ አዲስ ነውን?

ገበጣን እንውሰድ። ገበጣ ስንል አንድ ጨዋታ የምናወራ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ገበጣ የጨዋታዎች ቤተሰብ ነው። ሰሌዳው እንጨት ሊሆን ይችላል፣ መሬት ላይ የተማሰ ጉድጓድም ይሆናል፤ ጠጠሩ ጠጠር ነው፣ ባቄላም ነው፣ የዛፍ ፍሬም ነው። ጉድጓዶቹ በሁለት ረድፍ የሚደረደሩበት አለ፣ በሦስት ረድፍ የሚደረደሩበትም አለ። በአፍሪካና በእስያ በብዙ ስም የሚጠራው የዚህ ጨዋታ ዘመድ አዝማድ በአብዛኛው ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ባለ አራት ረድፉ ይዘወተራል። ባለ ሦስት ረድፉ ግን የአፍሪካ ቀንድ ነው። በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ሦስት ጠጠር፣ በጠቅላላው 54 ጠጠር።

ሦስት ረድፍ ለሁለት ሰው እንዴት ይካፈላል? የመሃሉ ረድፍ የማን ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚነሳው አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው «አንድ ረድፍ ብንጨምርስ?» ስላለ ነው። ያ ሰው እረኛ ይሁን ቄስ፣ ወታደር ይሁን ነጋዴ አልተመዘገበም። አንድ ሕግ ለወጠ፤ ጎረቤቱ ተጫወተው፤ ወደደው፤ ለተከታዩ አሳለፈው። ልምምዱ በግማሽ ሰዓት አላለቀም፣ ምናልባት ጥቂት መቶ ዓመት ወስዷል እንጂ ያው ልምምድ ነው።

ይህን ሀብት ተቀምጦ የለቀመልን ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበረው ይህ ሊቅ በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ረጅም ጥናት አሳተመ። መጽሔቱን በ1956 የመሠረቱት እናቱ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። ከእርሱ በፊትም ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን ወደ አገራችን መጥቶ ከተመለሰ በኋላ በ1911 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ጽፏል። የፓንክረስት ጥናት ግን ሌላ ነው፤ ከቦታ ቦታ፣ ከሕዝብ ሕዝብ የሚለያየውን አጨዋወት በየዓይነቱ እየለየ፣ ጠጠሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል። የጥናቱን ገጾች የሚያገላብጥ ሰው ገበጣ የሚባል አንድ ሕግ እንደሌለ ይገባዋል። ያለው «የእኛ አገር ገበጣ» ነው።

ከገበጣ ይልቅ ግን ይህን ጸሐፊ እንቅልፍ የነሳው ሰንጠረዥ ነው።

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ቶሎ የሚታየን በመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ የሚሰመረው የቁጥር ሳጥን ነው፤ ሠንጠረዥ 1፣ ሠንጠረዥ 2 እየተባለ። ቃሉ ግን የጨዋታ ስም ነው። ከሕንድ ተነስቶ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረብ የተሻገረው ሸጥረንጅ ወደ እኛ ሲደርስ ሰንጠረዥ ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ የቬኒስ ሰዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ይጫወት እንደነበር ተተርኳል። በ1805ና በ1809–10 (እ.ኤ.አ.) ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ በሰንጠረዥ ይዝናኑ እንደነበር ጽፏል። ከእርሱ በኋላ በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ በ1860 ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ የአጨዋወቱን ሥርዓት ዘርዝሯል።

ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በሌላ ቀለም መስመር ተሰምሮበት 64 ቤት ይወጣዋል። ንጉሥ አለ። አጠገቡ ፈርዝ አለ፤ የአውሮፓዋ ንግሥት ዘመድ ናት፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የምትራመደው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። ፈረስ አለ፤ ደር የሚባለው በቀጥታ የሚሄደው ነው፤ ከፊት የሚሰለፈው እግረኛ መደቅ ይባላል። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንግሥቷን ሰሌዳውን ሁሉ የምታቋርጥ ኃይለኛ አድርገው ሕጉን ሲለውጡ እኛ አሮጌውን እርምጃ ይዘን ቀረን። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲህ እኛ ምንም አልለወጥንም፣ የተቀበልነውን አስቀመጥን» ሊል ይችላል።

ቸኩሏል። እኛ የለወጥነው አጀማመሩን ነው።

በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ይነሳሉ፤ እያንዳንዱ የፈለገውን ጠጠር፣ በፈለገው ፍጥነት፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳል። የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ጨዋታው ወደ ተራ በተራ የሚገባው። በሌላው ዓለም ያለው የዚህ ጨዋታ ቤተሰብ በሙሉ «አንተ፣ ቀጥሎ እኔ» በሚል ሥርዓት የቆመ ነው። በእኛ ግን ጦሩ የሚሰለፈው ጠላት እያየ ነው። ባላጋራህ ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያመጣ አንተ ደርህን ታዞራለህ፤ እርሱ ያንን አይቶ ፈረሱን ይመልሳል። ሁለታችሁም አትነካኩም፤ ሁለታችሁም ልትነካኩ ነው።

ሌላም ሕግ አለ፣ ሕግ ከተባለ። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ በምን እንዳሸነፍክ ይጠየቃል። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማጥመድ እንደ ተራ ሥራ ይታይ ነበር። በደካሞቹ፣ በፊል ወይም በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ ያጠመደ ግን ይወደሳል። የባላጋራን ጠጠር ሁሉ ለቅሞ ንጉሡን ባዶ ማስቀረትም እንደ ድል አይቆጠርም ነበር። እዚህ ላይ የሦስቱን ባለሙያዎች ሐሳብ ያስታውሷል፤ የሥነ ምግባር ስብከት ሳይጨመርበት ኃይለኛው እንዲቆጠብ፣ ደካማው እንዲጠበቅ የሚያደርግ ሕግ ማለት ይህ ነው። ጠንካራው ተጫዋች በደሩ መጨረስ እየቻለ መደቁን ቀስ እያደረገ ሲያመጣ፣ በዚያ መካከል ተሸናፊው ያመልጥ ይሆናል።

ተመልካቹም ዝም አይልም ነበር። መንገደኞቹ እንደጻፉት በጨዋታው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ምክሩን ጮክ ብሎ ይሰጣል፣ ይቃወማል፣ ያደንቃል። ዛሬ ቼዝ የሚጫወቱ ሰዎች አጠገብ ቆሞ «ፈረሱን!» ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። በሰንጠረዥ ግን ጨዋታው የሁለት ሰው ብቻ አልነበረም። የጌታው ማዕረግ ለጨዋታው ሰዓት ላላ የሚልበት ልማድ በገናም አለ፤ በገና ጨዋታ ጌታ እንዳይቆጣ አሽከሩም ባላገሩም በትሩን ይዞ ይገባልና። ሰንጠረዡ በቤተ መንግሥቱ ምንጣፍ ላይ፣ ገናው በሜዳው ላይ፣ ሁለቱም ያው ነፃነት ነበራቸው።

ታዲያ ይህ ጨዋታ የት ሄደ? ፓንክረስት እንደሚለው ከጣልያን ወረራ በኋላ ጠፋ። (የጨዋታው ወረራ በሌላ ወረራ ተበላ ማለት ነው፤ ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።) የመኳንንቱ አዳራሽ ፈረሰ፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በጦርነቱና በስደቱ አለቁ፤ በከተማው ደግሞ እንደ ካራምቡላ ያለው የጣልያን መዝናኛ ተተካ። ኋላ ዘመናዊው ቼዝ በትምህርት ቤትና በክበብ ሲመጣ ስሙን እንኳ ከሰንጠረዥ ለመውረስ አልፈለገም።

አሁን ወደ ኦሎምፒያ ልምጣ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው በአፍሪካ ጎዳና ላይ ያለችው ኦሎምፒያ የካፌ ሰፈር ናት። ከሰዓት በኋላ በየጠረጴዛው ላፕቶፕ ተከፍቷል፤ ከማኪያቶው ይልቅ የመብራት ሶኬት ያለበትን ወንበር የሚፈልገው ይበዛል። ከእነዚህ ጠረጴዛዎች በአንዱ ዙሪያ አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ ሁለቱ ፕሮግራም ይጽፋሉ፣ አንዷ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፣ አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አምስተኛው እኔ ነኝ። የያዝነው ተራ የቼዝ ዕቃ ነው። ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል አልናቸውና ወረራን ሞከርን።

የመጀመሪያው ሙከራ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ሁለቱ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እጅ ለእጅ ሊጋጩ ምንም አልቀራቸው፤ የሒሳብ ሠራተኛው ሳይታሰብ አንድ መደቅ ተበላና ወረራው አበቃ። ሁሉም ሳቀ። በሁለተኛው ሙከራ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሚበላ ጠጠር ፊት ለፊት ቀርቦ ማንም አልበላም። ቀድሞ የበላ ሰው አሰላለፉን በዚያው ይቆልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማስተካከል የለም። እናም አሥር ደቂቃ ያህል፣ ሳይነካኩ፣ አንዱ የሌላውን ዓይንና ጣት እያየ ጠጠር ሲያመላልስ ቆየ። «ይሄማ ጠላ ቤት ውስጥ ነገር እንደሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች ነው» አለች የሥነ ሕንፃ ተማሪዋ።

በዚህ መሃል በጎን ጠረጴዛ ጋዜጣ ያነብቡ የነበሩ አዛውንት አላስቻላቸውም።

«እናንተ ልጆች፣ ይሄ ቼዝ ነው ጠብ?»

«ወረራ ነው ጋሼ።»

«የማን ወረራ?»

«የሰንጠረዥ። የጥንቱ።»

«እና ተራው የማን ነው?»

«የሁለቱም ነው ጋሼ።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ወንበራቸውን አስጠግተው ከሒሳብ ሠራተኛው ኋላ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም ዝም አላሉም። ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱት ዳማ ነው፤ ስለ ፊልና ስለ ፈርዝ የሚያውቁት እዚያው የነገርናቸውን ብቻ ነበር። ምክራቸው ግን ጠቀመ። ፕላውደንና ሶልት ያዩት የተመልካች ጩኸት ለምን እንዳስፈለገ የገባን ያኔ ነው፤ ተራ በሌለበት ሰዓት አንድ ሰው ሰሌዳውን ሁሉ በዓይኑ ማዳረስ አይችልም፤ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልገዋል።

ከዚያ ልምምዱን እንደ ደንቡ አደረግነው፤ አንድ ሕግ ብቻ መለወጥ። መጀመሪያ የስልክ ደወል ሞላንና ወረራውን በሁለት ደቂቃ ወሰንነው። ተበላሸ። ሁሉም ደወሉን እያሰበ ይጣደፋል፤ ያ የመፈላለግ ስሜት ጠፋ። ሰዓቱን ጣልነው። ቀጥለን በአንድ ወገን ሁለት ሁለት ሰው አደረግን፤ አንዱ መደቆችን ብቻ፣ ሌላው የኋለኞቹን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ መነጋገር ክልክል። ይህኛው ተሳካ። ባለ ፈረሱ መውጣት ሲፈልግ ባለ መደቁ መንገዱን ይዘጋበታል፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎሽማል፤ አዛውንቱ ለሁለቱም ይቆጣሉ። ሦስተኛው ለውጥ በደር የገደለ ነጥቡ በግማሽ ይቀነስ የሚል ነበር፤ እርሱ ላይ ስንከራከር መሸ።

ይህን የምተርከው የእኛ ግኝት የሚያስደንቅ ሆኖ አይደለም። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በባዶ እጅ፣ ዘጠና ዓመት ያህል የሞተ ሕግ ተነስቶ አምስት የማይመሳሰሉ ሰዎችንና አንድ አዛውንትን ማጨቃጨቁ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ሙዚየም ውስጥ ቢቀመጥ ይህን አያደርግም። ሕግ የሚኖረው ሲነካ ነው።

የአገራችን ጌም ሠሪዎች ከዚህ ምን ወሰዱ? መቼም ጅምሩ አለ። በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዳዊት አብርሃም ድርጅት፣ ቅኔ ጌምስ፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጌም አወጣ፤ ከገበሬ እጅ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ያው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። በ2018 ደግሞ የጎቴ ኢንስቲትዩት «ኤንተር አፍሪካ» በሚል ስም በአዲስ አበባና በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ወጣቶችን በቡድን አሰባስቦ፣ የሕንፃ ባለሙያውን ከፕሮግራም ጸሐፊው፣ ሰዓሊውን ከተረት አዋቂው ጋር አቀናጅቶ፣ በከተማቸው ጎዳናዎች ላይ የሚካሄድ ጨዋታ እንዲነድፉ አድርጓል። ከተማን ራሱን ሰሌዳ የማድረግ ሐሳብ ይህን ጸሐፊ በጣም ያስደስተዋል።

ስለ ኩኩሉ ግን አንድ ነገር ልበል፣ በወዳጅነት። ዶሮዋ የእኛ ናት፣ ገበሬውም የእኛ ነው፣ መልክዓ ምድሩም የምናውቀው ነው። ሩጫው ግን በዓለም ስልኮች ሁሉ ከሚሮጠው ማለቂያ የሌለው ሩጫ ጋር አንድ ነው፤ ዝለል፣ ጎንበስ በል፣ ሳንቲም ልቀም። ጀማሪ ድርጅት ገበያው የለመደውን መንገድ መያዙ አያስወቅስም፤ ሠራተኛው ደመወዝ ይጠብቃል። ነገር ግን በየመድረኩ «የኢትዮጵያ ጌም» የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሥዕሉ ነው፤ ጀበናው፣ ጎጆው፣ ጥለቱ፣ የዐፄዎቹ ጋሻ። ጀበና በማንም አገር ጨዋታ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ወረራ ግን አይለጠፍም፤ ወረራ ሕግ ነው፣ ጨዋታውን ከሥሩ ይለውጠዋል። በመደቅ ያሸነፈ ይክበር የሚለው፣ ተመልካች ይናገር የሚለው፣ የመሃሉ ረድፍ የማን ነው የሚለው ሁሉ የእኛ ሰዎች ያሰቡት አስተሳሰብ ነው፤ ከየትኛውም የሥዕል ጌጥ ይልቅ ወደ አገሩ ይጠጋል።

የገበጣው የስልክ ጨዋታ ከዚህ አንፃር ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስልክ አንድ ሕግ ይመርጣል። የመረጠውንም አይከራከርም፤ «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ብትለው አይሰማህም። በእንጨቱ ሰሌዳ ዙሪያ የአንድ አገር ሰው ከሌላ አገር ሰው ጋር ሲገጥም የሚጀምረው ንትርክ፣ ያ ሦስተኛ ጨዋታ የሚወለድበት ንትርክ፣ በመስታወቱ ላይ ቦታ የለውም። አሥር ዓመት ቆይቶ ገበጣን ከስልኩ ብቻ የተማረ ልጅ የአያቱን አጨዋወት ሲያይ «ተሳስተዋል» ይላል። ይህ ደግሞ የሠሪዎቹ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጌም ውስጥ የብዙ ቦታ ሕግ አስገብቶ ተጫዋቹ እንዲመርጥ፣ ከዚያም አልፎ የራሱን ሰፈር ሕግ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። የሚያስፈልገው ሕጎቹን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እያረጀ ነው።

ለዚህ ነው በየመድረኩ ለሚሰጠው የቡድን ልምምድ ሌላ ጥሬ ዕቃ የምመኘው። አሠልጣኞች በየአገሩ ሲዞሩ ለልምምዱ ይዘውት የሚመጡት ሁሉም ያውቀዋል የሚባለውን ነው፤ የሦስት በሦስቱን የነጥብና የመስቀል ጨዋታ፣ የወረቀት-መቀስ-ድንጋዩን። መልካም ነው። ግን በአንዱ ጠረጴዛ ላይ 54 ባቄላና ባለ ሦስት ረድፍ ሰሌዳ ቢቀመጥስ? በሌላው ላይ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ቢዘረጋስ? በሦስተኛው ላይ ባዶ ወረቀት ተደርጎ «እናታችሁ ጋ ደውላችሁ በልጅነቷ የተጫወተችውን ጨዋታ ሕግ ጠይቁ» ቢባልስ? ጌም ሠሪው ከተረት ሰብሳቢው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይኸ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። ተረት ሰብሳቢው ሕጉን ይጽፋል፣ ግን አይጫወተውም። ጌም ሠሪው ይጫወተዋል፣ ግን የት እንደተጻፈ አያውቅም።

የተጻፈውን ለሚሻ፣ የፓንክረስት ሁለቱ የ1971 ጽሑፎች፣ የገበጣውም የሰንጠረዡም፣ በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነው፤ የጠጠሩ አካሄድ በቁጥርና በፊደል ስለተመለከተ ባቄላ ይዞ መግባት ይረዳል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከፈቀደ።

ያልተጻፈው ደግሞ ከኦሎምፒያ ዋና መንገድ ኋላ ባሉት ውስጥ ለውስጥ መንገዶች አለ። በሁለት ድንጋይ ጎል የተሠራበት ኳስ ጨዋታ ላይ አንዱ «መኪና!» ብሎ ይጮኻል። ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ኳሱም ባለበት ይቆያል፤ መኪናው ሲያልፍ ማንም ሳያፏጭ ይቀጥላል። መኪናው እስኪያልፍ አንድ እርምጃ እንኳ የተራመደ ልጅ ጥፋቱ ይቆጠርበታል። ኳሱ ከቆመ መኪና ሥር ከገባ የመታው ያወጣል። ዘበኛው ከወሰደው ግን ጎሉ ይጸድቃል ወይስ አይጸድቅም በሚለው ላይ ባለፈው ሳምንት ስምምነት አልተደረሰም ነበር።